አይ-19 እና ቲኖሳ፦ በፓስፊክ ጦርነት ሰርጓጅ መርከቦች እንዴት ተኮሱ፣ ማንን መቱ?

(ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1942፣ በሰለሞን ደሴቶች አካባቢ፣ አይ-19 የተባለች የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ስድስት ቶርፒዶ፣ ማለት ውሃ ውስጥ በራሱ ሞተር የሚሄድ ፈንጂ፣ በተከታታይ ለቀቀች። ዋስፕ የተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ በእሳት ተያይዛ በዚያው ቀን ሰጠመች። ዋስፕን የሳቱት ቶርፒዶዎች ደግሞ ኪሎ ሜትሮችን ሄደው ኖርዝ ካሮላይና የተባለችውን ከባድ የጦር መርከብ ጎን ቀደዱ፤ ኦብራየን የተባለችውን ዲስትሮየርም (ዲስትሮየር ፈጣን አጃቢ የጦር መርከብ ነው) አፍንጫዋን መቱ። ኦብራየን ከአንድ ወር በኋላ ለጥገና ስትጓዝ ተሰብራ ሰጠመች።

ከዐሥር ወር በኋላ፣ ጁላይ 24 ቀን 1943፣ ቲኖሳ የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በፓስፊክ ካለው የጃፓን ጦር ሠፈር ከትሩክ በስተምዕራብ ቶናን ማሩ ቁጥር 3 የተባለችውን የጃፓን መርከብ አገኘች። የ19,000 ቶን መርከብ ነች፤ አጃቢ የላትም። ቲኖሳ ከሩቅ በሰያፍ በተኮሰቻቸው ቶርፒዶዎች ቀጥ አድርጋ አቆመቻት። ከዚያ የማሠልጠኛ መጽሐፍ እንደሚያዘው 800 ሜትር ያህል ቀርባ፣ ልክ በጎኗ በኩል ቆማ፣ ዘጠኝ ቶርፒዶ አንድ በአንድ ላከችባት። ዘጠኙም ሄደው ገጯት፤ አንዱም አልፈነዳም። አዛዡ የቀረችውን አንዲት ቶርፒዶ ሳይተኩስ በሃዋይ ወዳለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠፈር፣ ወደ ፐርል ሃርበር፣ ይዟት ተመለሰ፣ ባለሙያ ፈትቶ እንዲያያት።

እነዚህን ሁለት ቀኖች ብቻ ያየ ሰው የባሕር ሥሩን ጦርነት ጃፓን አሸንፋለች ይላል። የመጨረሻው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰው ሁለት በመቶ የማይሞሉት ሰርጓጆች ከሰጠመው የጃፓን የንግድ መርከብ ቶን 55 በመቶውን ብቻቸውን አሰጠሙ። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን መዛግብት ተመርምረው የጸደቀው ቁጥር 1,113 የንግድና 201 የጦር መርከብ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቶርፒዶው ማን ላይ እንደተላከ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን አተኳኮሱን እንይ፤ የዒላማውን ነገር ያለ እሱ መረዳት ይከብዳል።

ተኩሱ

ጋቶ የሚባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ ዓይነት 95 ሜትር ይረዝማል። ከፊት ስድስት፣ ከኋላ አራት የቶርፒዶ ቱቦ አለው፤ 24 ቶርፒዶ ይይዛል። ውሃ ላይ በአራት ናፍጣ ሞተር እስከ 20 ኖት ይሮጣል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃ ሥር ሲገባ በባትሪ ይሄዳል። ቢበዛ 9 ኖት ይደርሳል፣ በዚህ ፍጥነት ግን ባትሪው ወዲያው ያልቃል። በ2 ኖት ከተሳበ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰርጓጅ የሚባለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲቸግረው የሚጠልቅ ጀልባ ነበር።

ፔሪስኮፕ፣ ማለት ከውሃ በላይ ብቅ ብሎ የሚያሳየው የማያ ቱቦ፣ ላይ ያለው መኮንን አራት ነገር ማወቅ አለበት፦ ዒላማው በየት አቅጣጫ ነው፣ ምን ያህል ይርቃል፣ አፍንጫውን ወዴት ይዟል፣ በምን ፍጥነት ይሄዳል። አቅጣጫውን ፔሪስኮፑ ራሱ ያነብለታል። ርቀቱን የሚያሰላው ከምሰሶው ቁመት ነው፤ የጃፓን መርከቦች ምስልና ልክ የሰፈረበት መጽሐፍ አለ፤ መርከቧን ከለየ ምሰሶዋ ስንት ሜትር እንደሆነ ያውቃል። የመርከቧን ዓይነት ከሳተ ግን ርቀቱንም ይስታል። የአፍንጫውን አቅጣጫ በዓይኑ ይገምታል። ፍጥነቱን ደግሞ የመርከቧን ማሽከርከሪያ ዙር በማዳመጥና በየጥቂት ደቂቃው በሚወስዳቸው ንባቦች ያጠራዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ቲ.ዲ.ሲ. ወደሚባል በጥርስና በዘንግ ወደሚሠራ የሒሳብ ማሽን ይገባሉ። ማሽኑ የራሱን ሰርጓጅ አቅጣጫና ፍጥነት በራሱ ይቀበላል፤ ዒላማው አሁን የት መሆን እንዳለበትም እየተከታተለ ያሳያል። መኮንኑ ፔሪስኮፑን ለሰከንዶች ሲያወጣ ማሽኑ የተነበየው ቦታ ላይ ዒላማውን ካገኘው ሒሳቡ ልክ ነው። ማሽኑ የማዞሪያውን አንግል ቱቦ ውስጥ ላለችው ቶርፒዶ ጋይሮ፣ ማለት አቅጣጫ ጠባቂ መሣሪያ፣ ያስተላልፋል፤ ቶርፒዶዋ ከቱቦ ወጥታ ራሷ ትዞራለች። ይህ ማሽን በፓስፊክ የማንም ባሕር ኃይል ያልነበረው ጥሩ ነገር ነው ብል አላጋነንኩም።

በቁጥር እንየው። ዒላማው በ10 ኖት ይሄዳል፤ 1,500 ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ርዝመቱ 120 ሜትር። የአሜሪካው ማርክ 14 ቶርፒዶ በ46 ኖት፣ ማለት በሰከንድ 24 ሜትር ያህል፣ ይሄዳል። ለመድረስ 63 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ መርከቧ 325 ሜትር ተራምዳለች፤ የሚተኮሰው ወደዚያ ባዶ ውሃ ነው። አሁን ፍጥነቷ 10 ሳይሆን 12 ኖት ቢሆንስ? 65 ሜትር ስሕተት። ከመሐሏ እስከ ጫፏ 60 ሜትር ነውና ቶርፒዶው ከኋላዋ ለጥቂት ያልፋል። ሁለት ኖት በዓይን መሳት ቀላል ነው። ለዚህ ነው አንድ ቶርፒዶ ብቻ የማይላከው፤ አንዱን መሐል፣ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሦስት መላክ የተለመደው። በኋላ የመጣው የኤሌክትሪኩ ማርክ 18 በ29 ኖት ስለሚሄድ ለዚሁ ርቀት 100 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያው የሁለት ኖት ስሕተት ከ100 ሜትር በላይ ይሆናል። በምትኩ አረፋ አይተውም፣ መርከቧ ከየት እንደተተኮሰባት አታይም።

ዋሁ በተባለችው ሰርጓጅ ላይ አዛዡ ሞርተን አንድ ልማድ ገለበጠ። ፔሪስኮፑን ለምክትሉ ለኦኬን ሰጥቶ እሱ ካርታውንና ማሽኑን ይዞ ያስባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በፔሪስኮፕ የሚያይ ሰው የሚመጣበትን ዲስትሮየር ብቻ ያያል። ይህቺው ዋሁ በጃንዋሪ 1943 በኒው ጊኒ ጠረፍ ዲስትሮየር ፊት ለፊት ሲወረወርባት ከፊት ቱቦዎቿ የቀረውን የመጨረሻ ቶርፒዶ አፍንጫው ላይ ተኩሳ መታችው። ፊት ለፊት በሚመጣ መርከብ ላይ የፍጥነት ግምት ብዙም አያስፈልግም። ዒላማው ግን ከጎኑ ሲታይ ካለው በጣም ይጠባል፤ ቶርፒዶዋም ፈንጂዋን ለማዘጋጀት ወደ 400 ሜትር መሄድ አለባት። አስቀድመው ከተኮሱ መርከቡ ይታጠፋል፤ ካዘገዩ ቶርፒዶዋ ሳትዘጋጅ ትገጨዋለች።

ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ ሰርጓጆቹ ላይ የተተከለው ኤስ.ጄ. ራዳር ሥራውን ወደ ሌሊት አዛወረው። ቀን ላይ ጭስ ሲታይ ሰርጓጁ ከአጀቡ፣ ማለት በአጃቢ ከሚሄዱት የጭነት መርከቦች፣ ዓይን ውጪ ሆኖ፣ በሰፊው ዞሮ ከፊቱ ይወጣል። አጀቡ በ9 ኖት፣ ሰርጓጁ በ18 ከሄዱ፣ ከ10 ማይል ኋላ ተነሥቶ 10 ማይል ፊት ለመውጣት ከሁለት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ የዙሩ ቅስት ሲጨመርበት ሦስትና አራት ይሆናል። ሲመሽ ውሃ ላይ ሆኖ በአጃቢዎቹ መሐል ይገባል። ጠባቂው የሚፈልገው ፔሪስኮፕ ነው፤ ቁመቱ ዝቅ ያለ ጥቁር ጀልባ በ18 ኖት ሲገባበት አያየውም። ከ1943 መገባደጃ ወዲህ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው መውጣት ጀመሩ፤ አንዱ ሲመታ አጃቢዎቹ ወደ እሱ ይሮጣሉ፣ የተከፈተውን ጎን ሌላው ይይዛል።

ከተኩስ በኋላ ያለው ሰዓት ነው ከባዱ። ሰርጓጁ ይጠልቃል፤ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ሁሉ ይዘጋል፤ ሰው በካልሲ ይሄዳል፤ ውስጡ ከ38 ዲግሪ በላይ ይግላል። አዛዡ የሚፈልገው ሙቁ ውሃ ከቀዝቃዛው የሚገናኝበትን ንጣፍ ነው፤ የአሳዳጁ ድምፅ እዚያ ላይ ይጣመማልና ከሥሩ የገባ ሰርጓጅ በደንብ አይሰማም። በጦርነቱ መጀመሪያ ጃፓኖች የጥልቅ ውሃ ቦምባቸውን ብዙ ጊዜ ከ60 ሜትር በላይ አያወርዱትም ነበር፤ ጋቶ ግን እስከ 90፣ ቀጥሎ የመጣው ባላኦ እስከ 120 ሜትር ይወርዳል። ይህን ሜይ የሚባል የአሜሪካ ምክር ቤት አባል በጁን 1943 ለጋዜጠኞች ተናገረው! የሰርጓጆቹ አዛዥ አድሚራል ሎክዉድ ያ ወሬ ዐሥር መርከብና 800 ሰው አስከፍሎናል ብሎ አምኖ ኖሯል።

ሦስት ጉድለት፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ

ወደ ቲኖሳ እንመለስ። ማርክ 14 አንዱ 10,000 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፤ እንዳይባክን ተብሎ በእውነተኛ ፈንጂ አልተፈተነም ማለት ይቻላል። መዘዙ በየተራ ወጣ።

መጀመሪያ ጥልቀቱ ነበር። አዛዦች ቶርፒዶው ከመርከቧ ሥር አለፈ እያሉ ሪፖርት ያደርጋሉ፤ ከላይ የሚመጣው መልስ ተኩሳችሁ ነው መጥፎ የሚል ነው። በጁን 1942 ሎክዉድ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ገዝቶ በአውስትራሊያ አልባኒ አጠገብ አዘረጋና ቶርፒዶ አስተኮሰበት። 3 ሜትር ላይ ሂድ የተባለው ቶርፒዶ መረቡን 7.6 ሜትር ላይ በስቶ ተገኘ። ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ የተቀመጠው ጅራቱ አካባቢ ውሃ ፈጥኖ በሚያልፍበትና ግፊቱ በሚቀንስበት ቦታ ነው፤ ቶርፒዶው ከእውነተኛው ጥልቀቱ ያነሰ ጥልቀት ላይ ያለ ይመስለውና የበለጠ ይወርዳል።

ያ ሲስተካከል ሁለተኛው ታየ። ከመርከብ ሥር ሲያልፍ በብረቱ መግነጢስ ተቀስቅሶ እንዲፈነዳ የተሠራው መሣሪያ ዒላማው ጋ ሳይደርስ መፈንዳት ጀመረ። የምድር መግነጢስ በምድር ወገብ አካባቢና በሰሜን አንድ አይደለም፤ መሣሪያው የተሞከረው በሰሜን ነው። የፓስፊክ ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ በጁን 24 ቀን 1943 አስነቀለው። ከአውስትራሊያ የሚነሡት ሰርጓጆች ግን አዛዣቸው መሣሪያውን ሲሠራ የነበረ ሰው በመሆኑ ለወራት ይዘውት ቆዩ።

ሦስተኛውን ያወጣችው ቲኖሳ ናት። በኦገስት 1943 በሃዋይ ካሆላዌ ደሴት ገደል ላይ ቶርፒዶ ተተኮሰ፤ ያልፈነዳው ተለቅሞ ተፈታ። ቀጥሎ ፈንጂ የሌለባቸው ራሶች ከ27 ሜትር ከፍታ በክሬን ብረት ላይ ተጣሉ። ቀጥ ብለው ካረፉት ከዐሥር ሰባቱ ከሸፉ፤ በሰያፍ ያረፉት የከሸፉት ግማሹን ያህል ነው። ሚስጥሩ መምቻው መርፌ ላይ ነው። መርፌው ሲገጭ በጎን ተንሸራቶ ካፕሱሉን መምታት አለበት፤ በ46 ኖት ፊት ለፊት ሲገጭ ግን ግፊቱ መርፌውን መንሸራተቻው ላይ ያጣብቀዋል፣ ያጎብጠዋል፤ ካፕሱሉን ሲነካ ጉልበት የለውም። አስቡት፤ ጥሩ አድርጎ ያነጣጠረ አዛዥ ነው የሚቀጣው! እስኪጠገን ድረስ ትእዛዙ በሰያፍ ተኩሱ ሆነ። መርፌው ከቀላል ብረት ተሠራ፤ ከፊሉ የተቀረጸው ፐርል ሃርበር ላይ ከወደቁ የጃፓን አውሮፕላኖች ማሽከርከሪያ ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ 21 ወር አልፎ ነበር።

የኤሌክትሪኩ ማርክ 18ም ከነጣጣው መጣ። ኦክቶበር 1944 በታይዋን ወሽመጥ ኦኬን የሚያዛት ታንግ 24ኛዋን፣ የመጨረሻዋን ቶርፒዶ ተኮሰች። ቶርፒዶዋ ክብ ዞራ ተመልሳ የራሷን የታንግን ጅራት መታች። ከ87 ሰው ዘጠኝ ተረፈ።

ዒላማው

ጃፓን ቶርፒዶዋ እንከን አልነበረውም። ታይፕ 95 በንጹሕ ኦክስጅን ስለሚሠራ አረፋው እምብዛም አይታይም፤ 405 ኪሎ ፈንጂ ይዞ በ50 ኖት አካባቢ 9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አይ-19 የተኮሰችው ይህን ነው። ሠራተኞቹም ጎበዞች ነበሩ። ነገር ግን የጃፓን ባሕር ኃይል ለብዙ ዓመት ያቀደው ለአንድ ታላቅ ውጊያ ነው፦ የአሜሪካ መርከቦች ፓስፊክን አቋርጠው ሲመጡ ሰርጓጆቹ መንገድ ላይ እየሸረሸሩ ያሳንሷቸዋል፣ ከዚያ ዋናው ኃይል ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ የሰርጓጅ ክብር የጦር መርከብ ላይ ነው፤ ሩዝና ቆርቆሮ የጫነ መርከብ ማሳደድ እንደ ውርደት ታየ።

ቢፈልጉ ግን ይችሉ ነበር፤ ማስረጃው ወደ እኛው አህጉር ይጠጋል። በጁንና ጁላይ 1942 ጥቂት የጃፓን ሰርጓጆች በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ መካከል ባለው ወሽመጥ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ20 በላይ የንግድ መርከብ አሰጠሙ። ከካሊፎርኒያ እስከ አውስትራሊያ ያለው የአሜሪካ ስንቅ መንገድ ከዚያ እጅግ ይረዝማል፣ ለብዙ ጊዜም አጃቢው ስስ ነበር። ማንም በሙሉ ልብ አልሄደበትም። ይባስ ብሎ ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ ሰርጓጆቹ በጓዳልካናልና በሌሎች ደሴቶች ለተራቡ ወታደሮች ሩዝ ማመላለሻ ሆኑ። አንድ የጭነት መርከብ በአንድ ጉዞ የሚያደርሰውን በብዙ ጉዞ፣ በሌሊት፣ እየሞቱ ማድረስ ነው። ይህን ውሳኔ ያስከተለው ረሃቡ ነውና በአዛዦቹ ላይ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ሰርጓጅን ለማባከን ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ወዲያው አልገባቸውም። ፐርል ሃርበር በተመታ በሰዓታት ውስጥ የተላለፈው ትእዛዝ ያለ ገደብ ምቱ ይላል፤ ከጭነት መርከብ ሁሉ የትኛው ይቅደም አይልም። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ብዙ ሰርጓጅ በወደብና በጦር ሠፈር ደጃፍ ተቀምጦ በ20 ኖት የሚያልፍ የጦር መርከብ ይጠብቅ ነበር፤ በ9 ኖት ውሃ ሥር ሆኖ ያን መያዝ ዕድል ነው። የተለወጠው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ኮድ ነው፦ የጃፓን የጭነት አጀቦች በየቀኑ ቀትር ላይ የት እንደሚሆኑ በሬዲዮ ይናገሩ ነበር፤ በ1943 አሜሪካኖች ይህን ያነቡት ጀመር። ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ጃፓን ጦርነት የገባችው የአሜሪካ ነዳጅ ሲቋረጥባት ቦርኒዮና ሱማትራ ያለውን ለመውሰድ ነው፤ ያ ነዳጅ አገሯ የሚደርሰው በታንከር፣ እኛ በመንገድ ላይ ቦቴ በምንለው ዓይነት መርከብ፣ ብቻ ነው። ታንከር ከዒላማዎች ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ሰርጓጆቹም በታይዋንና በፊሊፒንስ መካከል ባለው የሉዞን ወሽመጥ ተደረደሩ፤ መንገዱ የሚጠብበት አንገት ነውና። ቦታውን ኮንቮይ ኮሌጅ ብለው ሰየሙት።

የጃፓን መልስ ዘገየ። አጀብ የሚመራ አንድ ዕዝ የተቋቋመው በኖቬምበር 1943 ነው፤ የተሰጡት አጃቢዎችም ጥቂት ነበሩ። በኤፕሪል 1944 ደግሞ አሜሪካኖች ዲስትሮየርንም ከተፈላጊ ዒላማ ተርታ አስገቡ፤ አጃቢ ሲቀንስ አጀቡ ራቁቱን ይቀራል። በ1944 ብቻ 600 ያህል መርከብ፣ 2.7 ሚሊዮን ቶን ሰጠመ፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ድምር ይበልጣል። የጃፓን ዋና የጦር መርከቦች ነዳጅ ወደ እነሱ ስለማይመጣ እነሱ ወደ ነዳጁ ሄዱ፤ በሲንጋፖር አጠገብ ሊንጋ ላይ ሠፈሩ። አገር ቤት የነበሩ አብራሪዎች ለልምምድ የሚበሩበት ቤንዚን አጡ።

አሜሪካም በነጻ አላገኘችውም፤ 52 ሰርጓጅ፣ ከ3,500 በላይ ሰው ጠፋ።

ከፔሪስኮፑ የማይታየው

ከውጭ ሲታይ ግራጫ ቀለም የተቀባ ጭነት መርከብ ማንን እንደጫነ አይናገርም። ኦገስት 22 ቀን 1944 ቦውፊን የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ ያሰጠመቻት ቱሺማ ማሩ ከኦኪናዋ የሚሸሹ ተማሪ ሕፃናት ነበሩበት፤ ከሞቱት ውስጥ ከ700 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። በሴፕቴምበር ወር የሰጠመችው ራኩዮ ማሩ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ምርኮኞችን ጭና ነበር።

የአዋ ማሩ ነገር ከሁሉ ይለያል፤ ለእሷ አሜሪካ ራሷ የይለፍ ፈቃድ ሰጥታ ነበርና። ለምርኮኞች እርዳታ አድርሳ ስትመለስ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1945፣ ጭጋግ ውስጥ በአሜሪካ ሰርጓጅ በኩዊንፊሽ ራዳር ላይ ታየች። ነጥቡ ትንሽና ፈጣን ስለነበር አዛዡ ዲስትሮየር ነው አለ። አራት ቶርፒዶ ጥልቀታቸውን ወደ አንድ ሜትር አድርጎ፣ ለዲስትሮየር ቀፎ ልክ፣ ተኮሰ፤ አራቱም መቱ። መርከቧን በዓይኑ አላያትም። ከ2,000 በላይ ከነበሩት ሰዎች የተረፈው አንድ ነው። አዛዡ በጦር ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ የወቀሳ ደብዳቤ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት በኑረምበርግ የጦር ወንጀል ችሎት የጀርመኑ አድሚራል ዶኒትዝ ያለ ማስጠንቀቂያ መርከብ በማሰጠም ተከሰሰ። ጠበቃው ለኒሚትዝ ጥያቄ ላከ፤ ኒሚትዝም አሜሪካ በፓስፊክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያደረገችው ያንኑ እንደነበር በጽሑፍ መለሰ። ዶኒትዝ በሌሎች ክሶች 10 ዓመት ተፈረደበት፤ ፍርድ ቤቱ በዚህኛው ጥሰት ግን ቅጣት እንዳልመዘነበት በፍርዱ ላይ አስፍሯል።